ጡት እምቢ ያለ ልጅ፦ የሕፃናት የአደጋ ምልክቶች ታሪክ በኢትዮጵያ

ልጅ ሲታመም መቼ በቤት መታገሥ እንደሚቻል፣ መቼ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ተነሥቶ ወደ ሐኪም መሮጥ እንደሚገባ መለየት ወላጅ ከሚሸከማቸው ውሳኔዎች ሁሉ ይከብዳል። ዛሬ በኢትዮጵያ ጤና ኬላዎች የሚሠራበት መመሪያ ይህን ውሳኔ በአራት ጥያቄዎች ይጀምረዋል። ልጁ መጠጣት ወይም ጡት መጥባት ይችላል ወይ? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል ወይ? በዚህ ሕመም አንቀጥቅጦታል ወይ? ፈዟል ወይም ራሱን ስቷል ወይ? ከአራቱ አንዱ እንኳ ከታየ ልጁ ሳይውል ሳያድር ወደ ተሻለ ሕክምና ይላካል። አንዱም ጥያቄ ማዳመጫ፣ ራጅ ወይም ላቦራቶሪ አይፈልግም። ሁሉም ልጇን አቅፋ የምታድር እናት ልትመልሳቸው የምትችላቸው ናቸው። ይሁንና እነዚህ ጥያቄዎች በዚህ መልክ ተሰድረው የሕክምና ሥርዓት የሆኑት ገና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ለምን ይህን ያህል ዘገዩ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ቀላል ነው፤ እናቶች አያውቁም ነበር፣ ሳይንስ መጥቶ አስተማራቸው ይባላል። ታሪኩን በዝርዝር ስንመረምረው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። እናቶች ምልክቱን ከጥንትም ያዩት ነበር። የጠፋው ያዩትን ወደ ትክክለኛ ፍቺ፣ ፍቺውንም በእግር ሊደረስበት ወደሚችል መድኃኒት የሚያደርስ መንገድ ነው። ሕክምናው ራሱም ቢሆን እናት የምታየውን ምልክት በቁም ነገር ለመውሰድ ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል።

ሕፃን በድንገት የመሞቱ ሥጋት በአገራችን የጽሑፍ ቅርስ ውስጥ ጥልቅ አሻራ አለው። በብራና ላይ እየተጻፈ በአንገት ከሚታሰረው ክታብ መካከል ብዙው ሕፃናትን ስለምትገድለው ስለ ውርዝልያና በጦር ስለ ወጋት ስለ ቅዱስ ሱስንዮስ የሚተርከውን ጸሎት ይዟል። እርጉዝና አራስ ይታቀፉት የነበረው ይህ ጽሑፍ የሚነግረን አንድ ግልጽ ነገር አለ። ያለ ማስጠንቀቂያ መጥቶ ጤነኛ የመሰለውን ልጅ የሚነጥቅ ሞት በየቤቱ የታወቀ ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን መሬት የነካ የዓይን ምልከታም አለ። የሕፃን እርግብግቢት ሲጎደጉድ እናትና አያት ያስተውላሉ፤ ቅቤ በአናቱ ላይ ማድረጋቸውም ለዚያ የራስ ክፍል የሚሰጡትን ትኩረት ያሳያል። የጎደጎደ እርግብግቢትና የሰረጎደ ዓይን ፈሳሽ ያለቀበት ሰውነት ምልክት መሆኑን የዛሬ የሕፃናት ሐኪምም ይመሰክራል። ልጁ «ዛለ»፣ «ጡት እምቢ አለ»፣ «ዓይኑን ገለበጠ»፣ «ጎኑ እየገባ ይተነፍሳል» የሚሉት አነጋገሮች ከጤና ትምህርት የመጡ አይደሉም። የቤት ቋንቋ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ዛሬ በሕክምና ሰንጠረዥ ላይ አቻ አላቸው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። እናቶች ይህን ያህል ያስተውሉ ከነበረ እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል እንዴት በዚያ ስፋት ሊቆይ ቻለ? በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ባካሄደው ጥናት ሁለቱም በአገሪቱ እጅግ የተስፋፉ ሆነው ተገኝተዋል። ባልጸዳ መሣሪያ የተቆረጠ እንጥል ደም ያፈስሳል፣ ይመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍ ያስከትላል፤ ይህን ማቃለል ሟቾቹን መርሳት ይሆናል። ነገር ግን ልማዱ ከምን እንደተነሣ እንመልከት። እንጥል የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ መዋጥ ሲያቅተው፣ ድምፁ ሲታፈን፣ ትንፋሹ ሲከብድ ወይም ይህ እንዳይመጣበት ሲፈራ ነው። ድድ የሚበጣው ትኩሳትና ተቅማጥ ሲበረታ ነው። ጥርስ ማብቀያ ዕድሜው ልጁ ከጡት ውጪ ምግብ የሚጀምርበት፣ ባልጸዳ ውኃና ዕቃ ተቅማጥ የሚይዝበት ዕድሜ ነው፤ ሁለቱ ነገሮች አብረው ስለሚመጡ አንዱን የሌላው ምክንያት አድርጎ መውሰድ የሚያስገርም ስሕተት አይደለም። ስለዚህ ምልከታው እውነተኛ፣ ፍቺው ስሕተት፣ መፍትሔውም አደገኛ ነበር። ይህ ልዩነት ለታሪክ ጸሐፊም ለሐኪምም ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ማየት የተሳነውን ሰው ማስተማርና በትክክል ያየውን ሰው ወደ ሌላ በር መምራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በኩፍኝም ነገሩ እንዲሁ ነው። ኩፍኝ የወጣበትን ልጅ ከቤት አለማውጣትና መርፌ እንዳይወጋ መከልከል ከሌሎች ልጆች እንዲለይ አድርጎት ይሆናል፤ ኩፍኙን ተከትሎ ሳንባ ምች በሚይዘው ጊዜ ግን ያው ልማድ በሩን ዘግቶበታል።

ደግሞስ ሌላው በር የት ነበር? ዘመናዊ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን የመሰሉ ተቋማት አዲስ አበባ ላይ ተተክለው ለብዙ አሥርት ዓመታት ለገጠሩ ሕፃን የማይደረስባቸው ሆነው ቆይተዋል። በ1953 (እ.ኤ.አ.) በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ሐኪም እስኪበዛ ከመጠበቅ ይልቅ የገጠሩን በሽታ የሚያውቅ መካከለኛ ባለሙያ ማፍራት ዓላማው ነበር። ይህ ውሳኔ ትክክል እንደነበር የ1958ቱ (እ.ኤ.አ.) ወረርሽኝ አሳይቷል። በዚያ ዓመት ወባ ወደ ደጋው ዘልቆ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150,000 ያህል ሞተ። ወባን በማያውቅ ደጋማ አገር ትኩሳቱ ሲነሣና ልጁ ሲንዘፈዘፍ ቤተሰቡ ምልክቱን የሚያነጻጽርበት የቀደመ ልምድ አልነበረውም። ከዚህ ጋር በተቀራራቢ ጊዜ በአዲስ አበባ የተመሠረተው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ክሊኒክ ለሕፃናት ሕክምና ራሱን የቻለ ቤት ሰጠው፤ ኋላም የሕፃናት ሐኪሞች ትውልድ የሠለጠነበት ሆስፒታል ሆነ። ያም ቢሆን አብዛኛው ልጅ እዚያ ሳይደርስ የሚሞት ነበርና፣ ሐኪሙ በማዳመጫው ሲሰማውና በራጅ ሲያየው የነበረው ነገር ለገጠሯ እናት አንዳች አይፈይድላትም ነበር።

ለውጡ የመጣው ከሩቅ፣ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋማ ከተማ ከጎሮካ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እዚያ ይሠራ የነበረው አውስትራሊያዊ የሕፃናት ሐኪም ፍራንክ ሻን የሚያስለውን ሕፃን ሁሉ ራጅ ማንሣት በማይቻልበት አገር የትኛው ልጅ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው ሆስፒታል መተኛት እንዳለበት የሚለይ ምልክት ይፈልግ ነበር። ያገኘው መልስ ያለ መሣሪያ የሚታይ ነበር፤ የትንፋሽ ፍጥነትና የደረት ወደ ውስጥ መሰርጎድ። ደረትን በማዳመጫ መስማት ረጅም ሥልጠና ይጠይቃል፣ ባለሙያዎችም እርስ በርስ አይስማሙበትም፤ የሆድና የደረት መነሣትና መውደቅ ግን ማንም ሊቆጥረው ይችላል። ከጋምቢያና ከሕንድ የመጡ ጥናቶች ተጨምረውበት የዓለም ጤና ድርጅት ወሰኖቹን በዕድሜ ከፋፈላቸው፤ ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ። ቆጠራው ለአንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ መሆን አለበት። በሕንድ ጋድቺሮሊ ወረዳ አብሃይ ባንግና ባልደረቦቹ ፊደል ለማይለዩ የልምድ አዋላጆች ጭምር ዶቃ ያለው የትንፋሽ መቁጠሪያ አዘጋጅተው አሠለጠኗቸው፤ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ውጤት መሠረት በሳንባ ምች የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከንጽጽሩ አካባቢ ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። የሕክምና እውቀት ከሆስፒታሉ ወጥቶ ወደ ጎጆው ሲወርድ ጥራቱ አልቀነሰም፤ በተገቢው ቦታ ላይ በመዋሉ ዋጋው ጨመረ።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተቀባይ ብቻ አልነበረችም፤ ይህ በአገር ውስጥ ከሚገባው በታች የሚታወቅ ነገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት ከሦስት ወር በታች ያሉ ሕፃናትን ከባድ የባክቴሪያ ሕመም በየትኞቹ ምልክቶች መለየት እንደሚቻል በአራት አገሮች ሲያስጠና፣ ከጋምቢያ፣ ከፓፑዋ ኒው ጊኒና ከፊሊፒንስ ጋር ኢትዮጵያ አራተኛዋ ነበረች። በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሉሉ ሙሔና ባልደረቦቻቸው በ1997 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ የማይጠበቅ ሰንሰለት ገለጠ። በሪኬትስ አጥንታቸው የላላ ልጆች ሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ሪኬትስ ከሌለባቸው 13 እጥፍ ያህል ነበር። ፀሐይ በማይታጣበት አገር ሕፃን ተሸፍኖ በቤት ውስጥ ስለሚቆይ የሚመጣ የቫይታሚን ዲ እጥረት የደረቱን አጥንት አላልቶ ለሳንባ ምች ያጋልጠዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ለምልክት ንባብ የሚበጅ ቁም ነገር አለ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ሕመሙ ሲጸና ሰውነቱ ላይግል፣ ደረቱም እንደ ጤናማው ልጅ በግልጽ ላይሰረጎድ ይችላል፤ ዝም ማለቱና መፍዘዙ ብቻ ሊታይ ይችላል። ብዙ ወላጅ የሚጠብቀው ትኩሳትን ስለሆነ፣ ትኩሳት የሌለው ዝምተኛ ልጅ እየተሻለው ይመስለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ሳንባ ምችን፣ ተቅማጥን፣ ወባን፣ ኩፍኝንና የምግብ እጥረትን በአንድ ላይ የሚመረምረውን የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም ሕክምና ሲያዘጋጁ ረቂቁ ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ጎንደር ነበር። በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚሠሩ ነርሶች ሠልጥነው የታመሙ ልጆችን በሰንጠረዡ ሲመረምሩ ተፈተሹ፤ ውጤቱ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ታተመ፣ የተገኙት ድክመቶችም ሰንጠረዡን ለማረም ዋሉ። በደምቢያ እልቂት ማግሥት ለገጠር ጤና የተከፈተ ኮሌጅ ባለበት ከተማ፣ ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ መላው ዓለም ሊሠራበት የነበረው መመሪያ መፈተኑ ተገቢ ቦታው ነበር። የሰንጠረዡ ትልቅ ብልሃት በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ ነው። የበሽታውን ስም ከመፈለግ በፊት ልጁ አደጋ ላይ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል። ለዘመናት በቤትም በሐኪም ቤትም የነበረው ልማድ የዚህ ግልባጭ ነበር፤ መጀመሪያ ምች ነው፣ ዓይን ነው፣ ብርድ ነው፣ ወባ ነው እየተባለ ስም ሲፈለግ ሰዓቱ ያልፋል።

ነገር ግን ነርሷ ምልክቱን ማወቋ ብቻ ልጁን ያድነዋል ወይ? ለዚህ ከማንኛውም ቦታ ይልቅ የጠራውን ማስረጃ የሰጠችው ትግራይ ናት። ገብረየሱስ ኪዳነና ሪቻርድ ሞሮው በ2000 (እ.ኤ.አ.) በላንሴት መጽሔት ባሳተሙት ጥናት 24 ጣቢያዎች (ቀበሌዎች) በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በ12ቱ ውስጥ የተመረጡ እናቶች ሠልጥነው ጎረቤቶቻቸውን የወባን ምልክት እንዲያውቁና ወዲያውኑ ክሎሮኪን እንዲሰጡ አስተማሩ፤ በቀሪዎቹ 12 የተለመደው አሠራር ቀጠለ። በዓመቱ ሲታይ እናቶች በሠለጠኑባቸው ጣቢያዎች የአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ሞት በ40 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በዚያ ጥናት አዲስ መድኃኒት የለም፤ ክሎሮኪን አስቀድሞም የታወቀ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ የፋልሲፓረም ወባ ስለተላመደው ለዚያ የወባ ዓይነት በሌላ ተተክቷል። አዲሱ ነገር ምልክቱን የምታየው እናትና መድኃኒቱ በአንድ ቤት ውስጥ መገናኘታቸው ነው። እናት የልጇን ሕመም ለማመዛዘን አትበቃም የሚለውን አስተሳሰብ ከዚህ በላይ የሚያፈርስ ማስረጃ አላውቅም።

ተቃራኒውን ማስረጃ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይሰጠናል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርቷል፤ ከአገሪቱ የጤና ታሪክ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ መሆኑን ማንም አይክደውም። ይሁንና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኞቹ ሳንባ ምችን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ አይፈቀድላቸውም ነበር። ትንፋሹ የፈጠነ ልጅ ሲመጣላቸው ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩታል፤ ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ሲሆን ብዙዎች አይደርሱም። ክልከላው በ2010 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ተነሥቶ ከ2011 ጀምሮ የማኅበረሰብ አቀፍ ሕክምናው ተስፋፋ። በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች የተካሄደው ግምገማ ሠራተኞቹ ከሦስት ልጆች ሁለቱን ያህል በትክክል እንደሚያክሙ አሳየ፤ ለአጭር ሥልጠና ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም። ነገር ግን ፕሮግራሙ በገባባቸውና ባልገባባቸው ወረዳዎች መካከል በሕፃናት ሞት ረገድ በስታቲስቲክስ የሚረጋገጥ ልዩነት አልተገኘም። ዋናው ምክንያት ወደ ጤና ኬላ የሚመጡት የታመሙ ልጆች ጥቂት መሆናቸው ነበር። ኬላው ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፣ ሠራተኛዋ በስብሰባና በቤት ለቤት ሥራ ትወጣለች፣ ቤተሰቡም ኬላው ክትባት ከመስጠት አልፎ እንደሚያክም አልሰማም። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም የሳንባ ምች ምልክት ከታየባቸው ልጆች ለሕክምና የተወሰዱት ሲሶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን መዝግቧል። ትግራይ ላይ እናትና መድኃኒት ተገናኙ፣ ሞት ቀነሰ፤ እዚህ ሙያውና መድኃኒቱ ኬላው ላይ ቆመው እናትን ጠበቁ፣ ለውጡ አልታይ አለ።

የሕፃናት ሞት የቀነሰው ምልክት በማወቅ ሳይሆን በክትባት፣ በምግብና በውኃ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ከፊሉ እውነት ነው። ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000ው (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ 166 ነበሩ፣ በ2019ኙ 59 ሆኑ፤ የኩፍኝ ክትባት፣ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የገባው አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባትና በ2011 የተጨመረው የኒሞኮከስ ክትባት ከዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ክትባት በሽታውን ቢያሳንሰውም አያጠፋውም፤ የተከተበ ልጅም ይታመማል፣ በታመመባት ሌሊት የሚያድነው አጠገቡ ያለው ሰው ፍርድ ነው። ሌላው ክርክር ከሐኪሞች ወገን ይመጣል። ትንፋሹ የፈጠነን ሁሉ ሳንባ ምች ነው ማለት መድኃኒት ያለ አግባብ ይበትናል፣ ተሕዋስያንንም ያላምዳል ይላሉ። ይህ ሥጋት መሠረት አለው። በፓኪስታን የተካሄደና በ2020 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ትንፋሻቸው ብቻ የፈጠነ፣ ሌላ የአደጋ ምልክት የሌለባቸውን ልጆች ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ አሞክሳሲሊን፣ ለግማሹ አስመሳይ መድኃኒት ሰጠ፤ ሕክምናው ያልሠራላቸው በቅደም ተከተል 2.6 እና 4.9 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ይረዳል፤ አብዛኞቹ ግን ያለ እርሱም ይድናሉ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ምልክትን መተው አይደለም፤ ምልክቶችን በክብደታቸው መለየት ነው። የፈጠነ ትንፋሽ መመርመርንና መከታተልን ይጠይቃል፤ የሰረጎደ ደረት፣ የጠቆረ ከንፈር፣ ማቃሰት፣ መጥባት ማቃት ወይም መፍዘዝ ሲጨመርበት ግን ስለ መድኃኒት ብክነት የምንከራከርበት ጊዜ አልፏል።

ዛሬ ያለው ከባዱ ችግር አዲስ በተወለዱት ላይ ነው። በ2000ው ዳሰሳ ከ1,000 ሕፃናት በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት 49 ነበሩ፤ በ2019ኙ 33። ጠቅላላው ሞት በሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲወርድ የአራሱ ሕፃን ሞት የወረደው በሲሶ ብቻ ነው፤ ስለዚህም አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ሆኗል። የዚህ ዕድሜ ምልክት ድምፅ የለውም። ትልቁ ልጅ ይስላል፣ ይግላል፣ ያለቅሳል፤ አራሱ ሕፃን መጥባቱን ይቀንሳል፣ ሲነኩት ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ከመጋልም ይልቅ ይቀዘቅዛል። በስድስት አገሮች ተጠንቶ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሥራ ሰባት ምልክቶችን ሲመርጥ፣ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ መጋልን ብቻ ሳይሆን ከ35.5 በታች መቀዝቀዝንም ያካተተው በዚህ ምክንያት ነው። በባህላችን ደግሞ ይህ ጊዜ አራስ ከነልጇ ከቤት የማትወጣበት፣ ወንዱ 40፣ ሴቷ 80 ቀን ሞልቷቸው ክርስትና እስኪነሡ የሚጠበቅበት ነው። ልማዱ ለእናቲቱ ዕረፍት፣ ለሕፃኑም ከሰው ብዛትና ከብርድ መጠለያ ሰጥቶ ኖሯል፤ ይህን ጥቅሙን አይቶ ማክበር ይገባል። ጥቅሙ የሚጠፋው በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን መጥባት ላቆመው ሕፃን ነው፤ እርሱን ይዞ ለመውጣት የባልን፣ የአማትን ወይም የእናትን ፈቃድ መጠበቅ ሰዓታትን ይበላል። በሲዳማና በምሥራቅ ሸዋ ዞኖች እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የተካሄደው ሙከራ ለዚህ አንድ መልስ ፈትኗል። ወደ ላይ መላክ በማይቻልበት ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ራሷ ለሕፃኑ መርፌና የሚዋጥ መድኃኒት እንድትሰጥ ተፈቀደላት፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የሚደርሰው ሞት ቀነሰ፣ የማስረጃው ጥንካሬ ግን ጽኑ ከሚባለው ወሰን ጠርዝ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥት ማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት ክብካቤን ጀመረ። የዚህ አሠራር ልብ ሠራተኛዋ በወሊድ ሰሞን ወደ አራስ ቤት መሄዷ ነው፤ አራሷ ሳትወጣ፣ የቤቱ አዋቂዎች ባሉበት፣ የሕፃኑን አጠባብ፣ እምብርትና ሙቀት አብረዋት ታያለች። ጉብኝቱ በተወለደ በሁለት ቀን ውስጥ ሳይደረግ በሳምንቱ ሲሆን ብዙው አደጋ ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ የሚቀጥለው የዚህ ታሪክ ምዕራፍ የሚወሰነውም ሠራተኛዋ የእናቲቱን መውለድ በዕለቱ በመስማቷና ባለመስማቷ ነው።